የብየዳ ጨረር ዓይንና ቆዳ እንዳያቃጥል፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ በያጆች

ፈረንጅ አገር ቆዳቸውን ለማጠየም ገንዘብ ከፍለው አልትራቫዮሌት መብራት የተገጠመለት አልጋ ላይ የሚተኙ ሰዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 አልጋውን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መደበው፤ አሜሪካም በ2010 የ10 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለችበት። እኛ ጋ ይኸው ጨረር በየብረታ ብረት ቤቱ ደጃፍ በነጻ ይታደላል። ኤጀንሲው በ2017 የብየዳን ጨረር ሲገመግም ዓይን ውስጥ ከሚነሳ የሜላኖማ ካንሰር ጋር አያይዞ እዚያው ተርታ አስገብቶታል።

ከብየዳ ማስኩ መስታወት እንጀምር፤ ቁጥሩ የጥቁረቱ ደረጃ ነው። የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይሆንም፤ የቱንም ያህል ቢጠቁር። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ዘንግ) ከ60 እስከ 90 አምፒር ስትሠሩ 9 ወይም 10 ቁጥር መስታወት፣ በ3.2 ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፒር ከሆነ 10 ወይም 11፣ ከ160 አምፒር በላይ ደግሞ 12 ቁጥር ግጠሙ። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ይጻፋል፤ ቁጥር የሌለውን አትግዙ። ለኦክስጅን ብየዳ የሚሆነው 5 ቁጥር ለኤሌክትሪክ ብየዳ አይበቃም። ሁለት መስታወት ከደረባችሁ ቁጥሮቹን ደምራችሁ አንድ ቀንሱ፤ 5 እና 6 ሲደረቡ 10 እንጂ 11 አይሆኑም።

ጠዋት ማስኩን አጥልቁና ወደ ደማቅ አምፖል ዙሩ። በመስታወቱ ዙሪያ የክር ያህል ብርሃን ከሾለከ ጨረሩም ይሾልካል፤ መስታወቱን አውጥታችሁ አስተካክላችሁ መልሱት፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩት።

ብዙ ዓይን የሚቃጠለው ግን በረጅሙ ብየዳ አይደለም። በሩን ከፍሬሙ ጋር በነጥብ በነጥብ ሲያያይዙ «አንዴ ነው» ብሎ ዓይንን ጨፍኖ መንካት አለ። ዓይኑ ብልጭታው ሳይጠፋ ይገለጣል፤ የቀኑ ብልጭታም ይደመራል፣ 20 ቦታ በነጥብ ከነካችሁ 20 ጊዜ ነው። ከበያጁ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ረዳቱ ነው። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ጨረሩም በዓይኑ ጠርዝ ይገባል፣ ጆሮውንና የአንገቱን ጎን ይለበልባል። ማስክ ሲገዛ ሁለት ይገዛ።

ልብስ ላይ ሁለቱ ከተሞች የሚሳሳቱት ለየብቻ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ እጅጌ ያስጠቀልላል፣ አንገት ያስከፍታል፤ ከጉሮሮ በታች ያለችው ሦስት ማዕዘን ቀድማ ትቃጠላለች። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ማታ ማቃጠሉ፣ በኋላም መጥቆሩና መላጡ ነው የሚናገረው። ደሴ ደግሞ ብርዱ ጃኬት ያስደርባል፤ ጃኬቱ ናይሎን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ፍንጣሪው ያቀልጠውና ቆዳ ላይ ይለጥፈዋል። በሁለቱም ከተማ የሚያዋጣው እስከ አንገት የሚቆለፍ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ወፍራም የጥጥ ቱታ፣ ከቆዳ ጓንት ጋር ነው።

ደጃፍ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቆመው ያያሉ። ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ለአየር የተተወለት፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሚደርስ መከለያ አቁሙ። ቆርቆሮ ከሆነ በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ ያልተቀባ ቆርቆሮ ጨረሩን መልሶ በማስኩ ጀርባ ይልከዋል። መከለያ እስኪሠራ ሰው አርቁ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጨረሩ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

የተቃጠለ ዓይን ወዲያው አያምም። ከብየዳው በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ይቆይና እኩለ ሌሊት ላይ አሸዋ የተበተነበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያነባል፣ መብራት ይጠላል። አትሹት። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሁኑ፣ ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርሳችሁ በተጨፈነው ዓይን ላይ አድርጉ፣ ፓራሲታሞል ውሰዱ። ወተትም ድንችም ዓይን ውስጥ አይገባም። ከሁሉ የከፋው የሚያደነዝዝ ጠብታ ቤት ወስዶ ደጋግሞ መጨመር ነው፤ ሕመሙን ያጠፋል፣ ከዓይኑ ፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን (ኮርኒያ) እንዳይድን ግን ያደርጋል።

በአብዛኛው በ2 ቀን ይሻላል። ካልተሻለ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ወይም የሚቆረቁረው አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ሐኪም ይየው። ጨረር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ነው የሚይዘው፤ አንዱን ብቻ ካመመ የግራይንደር ብናኝ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። እሱን በመርፌ ወይም በክብሪት እንጨት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሂዱ።