ባህር ዛፉ ሥር ለምን ሣር የለም?

ፎገራ ሜዳ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ 62 ተማሪ አለኝ። ላብራቶሪ የተባለው ክፍል በቁልፍ ይዘጋል፤ ውስጡ ያለው ግን የተሰባበረ ወንበር ነው።

ኢኮሎጂን፣ ማለትም ሕያዋን ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት፣ ለብዙ ዓመት እኔ በተማርኩበት መንገድ ነው ያስተማርኩት። ሰሌዳው ላይ "ባዮቲክ" (ሕይወት ያለው) እጽፋለሁ፣ ከሥሩ "አባዮቲክ" (ሕይወት የሌለው)። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ጎበዟን ተማሪ "ከቤትሽ እስከዚህ ስትመጪ ምን አባዮቲክ ነገር አየሽ?" አልኳት። ዝም።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ያያሉ። ከዚያ በአማርኛ ይከራከራሉ። የእንግሊዝኛውን ስም የምሰጣቸው መጨረሻ ላይ ነው። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስሙን መዝለል አይቻልም። ግን ያዩት ነገር ስም ቶሎ ይያዛል።

እናንተም መምህራን ይህን ስትሞክሩ ሩቅ አትሂዱ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ አቅራቢያችን ወዳለ የቤተ ክርስቲያን ደን ወሰድኳቸው። ደኑ ግሩም ነው፤ 62 ልጅ ግን አንድ መምህር ደን ውስጥ አይችላቸውም። ግማሹ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ግማሹ ጥላ ይዞ ወሬውን ጀመረ፣ በመጨረሻ አንድ አባት መጥተው ተቆጥተው አስወጡን። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣሁም።

ለአንድ ቡድን 4 ችካል፣ 4 ሜትር ተኩል ሲባጎና አንድ ደብተር ይበቃል። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች ቡድን ካላችሁ፣ ለሌላ ነገር ባይረዳ ለዚህ ይረዳል። ሲባጎውን ግን ማታ ቤታችሁ ለኩና በየ1 ሜትሩ ቋጥሩት። ካልሆነ ከ40 ደቂቃው ግማሹ በመለካት ያልቃል።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል። ሣሩም አበባውም ያለው ያኔ ነው። ግማሾቹን ዋንዛ ሥር፣ ግማሾቹን ባህር ዛፍ ሥር ላኩ። ልጅ ሁልጊዜ የሚያምረውን ቦታ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ዞር ብለው ጠጠር ወደ ኋላ ይወርውሩ፤ በችካሉና በሲባጎው የሚሠራው 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ጠጠሩ የወደቀበት ይተከል። "ናሙና በዕጣ" የሚባለው ይኸው ነው፤ ገና ስሙን አትንገሯቸው።

ካሬው ውስጥ ስንት ዓይነት ተክል አለ? ስሙን ካላወቁት ይሳሉት። የእኔዎቹ አንዱን "ጸጉራሙ"፣ ሌላውን "የበግ ጆሮ" ብለው ሰይመዋል፤ ምንም አይደለም። የሚሳበውንም ይቁጠሩ። መዳፋቸውን አፈሩ ላይ ያድርጉ፤ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል? ባዶ ሃይላንድ ቆርጣችሁ አፉን ከመሬት እኩል አድርጋችሁ ብትቀብሩት ደግሞ በማግስቱ ጥንዚዛና ጉንዳን ገብቶበት ታገኛላችሁ። ቆጥራችሁ መልቀቅ አትርሱ።

ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስንጽፈው ልዩነቱ ፈጦ ታየ። ዋንዛው ሥር አሥራ ምናምን ዓይነት፣ ባህር ዛፉ ሥር ሁለት፣ አንዳንዱ ካሬ ውስጥ ምንም። "ለምን?" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ "ውሃ ስለሚመጥ!" አለ። እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበር የምመልሰው። በዚህ መሃል ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቅጠሉን እኮ እናቴ ትጠርገዋለች።"

ልክ ናት። የሰፈሩ ሴቶች የባህር ዛፍ ቅጠል ለማገዶ ይሰበስባሉ። ዋንዛው ሥር ቅጠል ይበሰብሳል፤ ባህር ዛፉ ሥር የሚበሰብስ የለም። ታዲያ ጥፋቱ የዛፉ ነው ወይስ የመጥረጊያው? በዚያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማርኩም። አንዱን ካሬ በእሾህ አጥረን ማንም እንዳይጠርገው ተስማማን፤ እናትየዋም ፈቀዱ።

አጥሩ እስኪከፈት ሌላ ሥራ አለ። ፎገራ ሩዙ ከተነሳ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሦስት የሽምብራ እግር አስመጡ። ነቅለው እንዳይመጡ አስጠንቅቁ፤ ዋናው ነገር መሬት ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። አፈሩን አርሰው ይቆፍሩ፣ ሥሩን በውሃ ይጠቡ። ትንንሽ እባጮች ይታያሉ። አንዷን በምላጭ ክፈሉ። ውስጧ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን ከአየር እየያዙ ነው። ቀለሙ የሚመጣው የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ከሆነ ነገር ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ተንጫጫ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነች ሥራ ላይ አይደለችም። ሚውቹአሊዝም (ሁለቱም የሚጠቀሙበት አብሮ መኖር) የሚለውን ቃል እዚህ ጋ ጻፉ።

ለኮሜንሳሊዝም (አንዱ ተጠቅሞ ሌላው ለማይጠቀምበትም ለማይጎዳበትም) ከብት የምትከተለዋ ነጭ ወፍ ትበቃለች፤ ላሟ ስትራመድ የሚዘለውን አንበጣ ትለቅማለች። ለፓራሲቲዝም (አንዱ ሌላውን እየጎዳ ለሚኖርበት) ተቀጽላን እወዳለሁ፤ ክርክር ያስነሳል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ምግቡን ራሱ ይሠራል፤ ታዲያ ለምን ሌባ እንለዋለን? ውሃውንና ማዕድኑን ከተሸከመው ዛፍ ስለሚወስድ ነው። ግማሽ ሌባ አሉት ልጆቹ።

እምቦጭን ጣና ዳር ላለ ተማሪ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ዘመቻ ወጥተው በእጃቸው ነቅለውታል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መሆኑን፣ ጣና ላይ ጎልቶ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 መሆኑን ንገሯቸውና ጥያቄ ስጡ። ቅጠሉ ውሃውን ሲሸፍን ከሥር ብርሃን የለም፤ ኦክስጅኑም ይቀንሳል። አምባዛ የተባለው ዓሣ ብቅ ብሎ አየር መሳብ ይችላል፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ግን አይችልም። ማን ይተርፋል? ከማሳው ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያስ ማንን ይመግባል? አደራ፣ እምቦጩን ለማሳያ ብላችሁ ወደ ግቢ አታምጡት። ቁራጩ ሌላ ኩሬ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ፈተና ላይ ትርጉም አልጠይቅም። የሌላ ክፍል የካሬ ቆጠራ እሰጣቸውና ምክንያቱን ይጻፉ እላለሁ። ማረሙ ያደክማል፣ አልዋሽም።

ጥር ላይ አጥሩን ከፈትን። ቅጠሉ ሁለት ጣት ያህል ተከምሯል። ስንገልጠው አፈሩ እርጥብ ነው፤ ሁለት ጥንዚዛ ሮጦ ወጣ። ሣር ግን አንድም የለም።

"ታዲያ ውሃው አይደለማ!" አለ አንዱ።

"ብርሃኑስ?" አለች ያቺው ልጅ። "ቅጠሉ ራሱስ መርዝ ቢኖረው?"

በማግስቱ ሁለት የጣሳ ችግኝ ይዛ መጣች፤ አንዱን በንጹህ ውሃ፣ ሌላውን ባህር ዛፍ ቅጠል በተዘፈዘፈበት ውሃ ልታጠጣ።