ፀጉር ካስተከላችሁ በኋላ ስትታጠቡ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ታላቅ ወንድሜ ፀጉር ያስተከለ ሰሞን ራሱን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን አሁንም ትዝ ይለኛል። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። «ቀስ በይ እሺ» ይለኛል። እኔ ገና ጆጉን አላነሳሁም። ከግንባሩ መጀመሪያ እስከ አናቱ ድረስ የመርፌ አናት የሚያክሉ ጠቆር ያሉ ቅርፊቶች ተደርድረዋል። በየቅርፊቱ መሃል አጭር ፀጉር ቆማለች። እጄ ተንቀጠቀጠ። አንዷን ባበላሽስ?

ከዚያ ወዲህ ፀጉር ያስተከሉ ሰዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ መታጠብ ነው። በሌላው ነገር ሐኪማቸውን ያምናሉ፤ የገዛ እጃቸውን ግን አያምኑም። አብዛኛው ችግር ደግሞ ከሁለት ነገር ይመጣል፤ ወይ ፈርቶ አለመታጠብ፣ ወይ ጊዜው ሳይደርስ መፈተግ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

የቀዶ ሕክምናው ቀን ዜሮ ነው። ማግስቱ 1 ይባላል። ይህን ማወቅ የግድ ነው፤ ምክንያቱም በ3ኛው ቀን አደገኛ የሆነ ነገር በ12ኛው ቀን የሚመከር ሊሆን ይችላል።

የተተከለችው ፀጉር መጀመሪያ ላይ በተበሳላት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠች ናት። ይዟት ያለው የረጋ ደም ነው። ቀስ በቀስ ሥጋው ዙሪያዋን ይይዛታል፣ የደም ሥርም ይደርሳታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ቀን በቀን ተከታትሎታል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ፀጉሯን ሲስቧት ከነሥሯ ትወጣ ነበር። በ6ኛው ቀን ፀጉር ቢሳብም ሥሩ አልወጣም። የተጣበቀ ቅርፊት መሳብ ግን እስከ 8ኛው ቀን ድረስ አደጋ ነበረው። በ9ኛው ቀን አደጋው አለፈ።

እኔ ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ወንድሜ በየቀኑ ቀኑን እያነበበ ነው ይቀመጥ የነበረው።

«ውሃ ለማስነካት ፈራሁ፣ ቀኑ እየሄደ ነው»

ምክንያቱ ፍርሃት ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ደም፣ ላብና ወዝ አንድ ላይ ሲደርቁ ቅርፊቱ ይወፍራል። የወፈረ ቅርፊት ያሳክካል፣ ለባክቴሪያም መጠለያ ይሆናል። በኋላ ማስለቀቁም ይከብዳል።

መፍትሄው በተባለው ሰዓት መጀመር ነው። አብዛኛው ክሊኒክ የመጀመሪያውን እጥበት ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርጋል፤ ብዙዎቹ እዚያው ራሳቸው ያጥቡና ያሳዩዋችኋል። ያን ጊዜ ቪዲዮ ቅረፁ። የእናንተ ሐኪም የሰጣችሁ ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ የተለየ ነገር ካለው የእሱን ተከተሉ፤ የተከለው እሱ ነውና።

አጥቢው ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። የሚታጠበው ሰው አናቱን ስለማያይ ከልክ በላይ ይጫናል፣ ወይም ጭራሽ አይነካም። አታጎንብሱ። ማጎንበስ ደም ወደ ራስ እንዲወርድና ግንባር እንዲያብጥ ያደርጋል። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ ወይም ቁሙ።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሙቀቱን በእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ ክፍል ለኩት እንጂ የአናታችሁን ቆዳ አትመኑ። የተተከለበትም ሆነ ፀጉር የተወሰደበት ቆዳ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደነዝዛል። ውሃው ሲያቃጥል ቆዳው አይነግራችሁም። ፀጉር ማድረቂያ በሙቅ አየር የማይፈቀደውም በከፊል ለዚህ ነው።

ክሊኒኩ ማለስለሻ ቅባት ወይም አረፋ ሰጥቷችሁ ከሆነ እሱን ቀድማችሁ በመዳፍ አስቀምጡበትና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ውሃውን በጆግ ወይም በኩባያ፣ ከቅርብ፣ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ሻወሩን በቀጥታ አትልቀቁበት፤ ግፊቱ ነው ችግሩ።

ሻምፖውን አናት ላይ አታፍስሱ። ለስላሳ፣ ሽታ ያልበዛበት፣ የሕፃናት ዓይነት ሻምፖ በመዳፋችሁ ውስጥ አረፋ አድርጉት። አረፋውን ብቻ ቅርፊቱ ላይ አሳርፉት። ከዚያ የጣት አሻራ እንደሚሰጥ ሰው፣ በጣት ሥጋ ጫን አንሳ፣ ጫን አንሳ። ወደ ጎን የሚሄድ እንቅስቃሴ የለም። ጥፍራችሁን ቀድማችሁ ቁረጡ። ፀጉር የተወሰደበት የኋላ ክፍል ላይ ግን ትንሽ ነፃነት አላችሁ፤ በለስላሳው ማሸት ይቻላል። በስፌት ወይም በስቴፕል (በብረት ማያያዣ) የተዘጋ ቁስል ካላችሁ ግን በሱም ላይ ጥንቃቄው አይለቅ። ስፌቱ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነው።

አረፋው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ አለቅልቁ። የተተከለበትን ቦታ በፎጣ አትንኩት። የፎጣ ክር ቅርፊቱን ይይዘዋል። በንጹህ ሶፍት ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጉና የቀረውን አየር ያድርቀው።

እኛ የመጀመሪያ ቀን 40 ደቂቃ ፈጀብን። በ5ኛው ቀን 10 ደቂቃ በቃን።

«10 ቀን አለፈ፣ ቅርፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም»

ይህ በጣም የተለመደው ነው። የእኛም ነበር። ምክንያቱ በአብዛኛው ከመጠን በላይ የዋህ እጥበት ነው፤ አረፋ ነክቶት ወዲያው ይታጠባል፣ ቅርፊቱ ሳይርስ ይደርቃል። እጥበቱን ዘግይቶ መጀመርም ሌላው ምክንያት ነው። ቅርፊት ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ መልቀቅ አለበት። ከዚያ በላይ እንዲቆይ መተው አያስፈልግም።

መፍትሄው ማርጠብ ነው። ጥፍር ወይም ማበጠሪያ በፍጹም። ማለስለሻውን ለ30 ደቂቃ ተዉት፣ እየደረቀ ከመጣ ጨምሩበት። ሐኪማችሁ ከፈቀደ በቀን ሁለቴ ታጠቡ። 10ኛው ቀን ካለፈ በኋላ የጣት ሥጋችሁን በትንንሽ ክብ እያዞራችሁ ማሸት መጀመር ትችላላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይለቃል ብላችሁ አትጠብቁ። ሦስት አራት እጥበት ይፈልጋል።

በ11ኛው ቀን የወንድሜን ግንባር ጥግ ሳሽ ከጣቴ ስር አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። ቅርፊቱ በውሃ አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ሆኖ ለቀቀ። ከስሩ ሮዝ የመሰለ ንጹህ ቆዳ ታየ። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቴን ሳየው ቅርፊቱ ውስጥ አጭር ፀጉር አለች።

«ቅርፊቱ ፀጉር ይዞ ወጣ»

ወንድሜ ይህን ሲያይ «አለቀ፣ ተነቀለ» አለ። አልተነቀለም። ሁለቱን መለየት ይቻላል።

ሥሯ ተነቅላ ከወጣች ቦታው ይደማል፣ ፀጉሯ ጫፍ ላይም ትንሽ ሥጋ ይታያል። ይህ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከ10ኛው ቀን በኋላ ያለ ደም የምትወጣ ፀጉር ግን ግንዷ ብቻ ናት። ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ ቢታይም አትደንግጡ። ሥሯ ከቆዳው ስር ቀርታለች።

እንዲያውም አብዛኛው የተተከለ ፀጉር ይረግፋል። ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 2ኛው ወር ድረስ ሻወር ውስጥ ብዙ ታያላችሁ። ሥሩ ከድንጋጤ በኋላ የዕረፍት ጊዜ ውስጥ ይገባል፣ አሮጌውን ግንድ ይጥላል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ወር አዲስ ስስ ፀጉር ይጀምራል። ሙሉ ውጤቱ የሚታየው 12 ወር አካባቢ ነው፤ አናት ላይ እስከ 18 ወርም ሊወስድ ይችላል። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው ፀጉር እንዳይረግፍ ብሎ መታጠብ ያቆማል። መታጠብ አያረግፈውም። ሊወድቅ የነበረውን ነው ውሃው የሚወስደው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ ከደም ጋር ከወጣች ደግሞ መልሳችሁ ለመትከል አትሞክሩ። ለክሊኒኩ ንገሩ። ከመቶዎች ወይም ከሺዎች መካከል አንድ ሁለት መጥፋቱ ውጤቱን አይለውጠውም።

«ስታጠብ ደማ»

በንጹህ ጎዝ፣ በስቴራይል ሳላይን (ከጀርም በጸዳ የጨው ውሃ) አርጥባችሁ፣ ሳትፈትጉ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዙት። በየደቂቃው እያነሳችሁ አትዩ፤ ያንን የረጋ ደም ታፈርሱታላችሁ። ካልቆመ ደውሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ግፊት ነው። አንዳንዴ ግን ለራስ ምታት ብሎ የተዋጠ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ይሆናል። ለልብ ተብሎ የታዘዘ አስፕሪን ካለ ግን በራሳችሁ አታቁሙት፣ ሐኪም ጠይቁ።

«ያሳክከኛል፣ ሌሊት አላስተኛ አለኝ»

ማሳከክ የቁስል መዳን አካል ነው፤ ድርቀትና ያልለቀቀ ሻምፖ ደግሞ ያባብሱታል። ስለዚህ መጀመሪያ ማለቅለቂያችሁን ተጠራጠሩ። ውሃ ጨምሩ፣ ሻምፖ ቀንሱ። በመሃል ሳላይን በጠርሙስ መርጫ ማርከፍከፍ ትልቅ እፎይታ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው 0.9 በመቶ ስቴራይል ሳላይን ነው የምላችሁ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ጨው አትበጥብጡ። ማሳከኩ ከከበደ ሐኪም የአለርጂ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ወንድሜ በእንቅልፍ ልቡ እንዳያክ ማታ ማታ የጥጥ ጓንት ያደርግ ነበር። ሠራለት።

«ከታጠብኩ በኋላ ግንባሬና ዓይኔ አበጠ»

እጥበቱ አላመጣውም። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተወጋው ፈሳሽ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ወደ ታች ይወርዳል። ስትታጠቡ ቀጥ በሉ፣ ስትተኙ ራሳችሁን ከፍ አድርጉ። በረዶ ግንባር ላይ እንጂ የተተከለው ላይ አይቀመጥም። በጥቂት ቀናት ይጎድላል።

«ብጉር ወጣብኝ»

ይህ በሳምንታት ውስጥም ይመጣል፣ በ3ኛውና በ4ኛው ወር አዲሱ ፀጉር ቆዳውን ሲበሳም ይመጣል። አንዳንዱ ፀጉር መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጥቅልል ፀጉር ያላቸው ሰዎች ላይ ይህ የበለጠ ይታያል። ሌላው ምክንያት ቀዳዳውን የሚደፍን ቅባት ነው። ለፀጉር ጥሩ ይመስላልና ሰው ቶሎ ፀጉሩን ቅባት ያጠግበዋል።

ሁለት ሦስት ትናንሽ ብጉር ከሆነ አታፍርጡ። በለብታ ውሃ የራሰ ንጹህ ጨርቅ በቀን ጥቂት ጊዜ አሳርፉበት፣ እጥበቱን አታቋርጡ፣ ቅባቱን አቁሙ። እየበዛ፣ መግል እየያዘ ወይም እየታመመ ከሄደ ሐኪም ይየው፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል።

«ሻምፖው አቃጠለኝ»

ሻምፖውን ለውጡ፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ሜንቶል፣ ጠንካራ ሽቶና የፎረፎር ሻምፖ ለአሁኑ ጊዜ አይደሉም። ሚኖክሲዲል (ፀጉር እንዲያድግ የሚቀባ መድኃኒት) የምትጠቀሙ ከሆነ መቼ እንደምትመለሱ ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ ያልዳነ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። የፀጉር ቀለም፣ መዋኛና ሳውና ቢያንስ አንድ ወር ይቆዩ።

ቤት ውስጥ የማይሞከሩ ምልክቶች

ሕመም በየቀኑ መቀነስ ሲገባው እየጨመረ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ቅላቱ ወደ ግንባር ወይም ወደ አንገት እየተስፋፋ ከሆነ፣ ያኑ ዕለት ሂዱ። ሌላው ደግሞ ከነጠብጣብ ቅርፊት የተለየ፣ ሰፋ ብሎ የጠቆረ ወይም አመድማ የሆነ ቆዳ ነው። ደም በደንብ አልደረሰውም ማለት ሊሆን ይችላል። እምብዛም አይገጥምም፤ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ግን አደጋው ከፍ ይላል። ሲጋራውን ለእነዚህ ሳምንታት ብቻ እንኳ ብትተዉት በጣም ደስ ይለኛል።

ለክሊኒኩ ስትደውሉ በቃል ማስረዳት ያስቸግራል። እኛ በየቀኑ ከመታጠባችን በፊት፣ በዚያው መስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ብርሃን አንድ ፎቶ እናነሳ ነበር፣ ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ከጎን ይዘን። በ8ኛው ቀን የቀኝ ጎኑ ቀላብኝ ብለን ስንልክላቸው የ6ኛውንና የ7ኛውን ጠየቁን። አስተያይተው እየቀነሰ መሆኑን ነገሩን፤ ያን ቀን ማታ ሁለታችንም ተኛን።