የሙያ ማኅበር አባልነትን በሚገባ ለመጠቀም

የሙያ ማኅበር አባል በሆንኩባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት መዋጮዬን በወቅቱ እየከፈልኩ፣ የሚላክልኝን ኢሜይል ግን ሳልከፍት ቆየሁ። በአራተኛው ዓመት ቁጭት ይዞኝ በአንድ ጊዜ ሦስት ኮሚቴ ውስጥ ገባሁና ከበፊቱ የባሰ ስሕተት ሠራሁ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያንብቡ። ጥቅማ ጥቅም የሚዘረዝረው በራሪ ወረቀት በአብዛኛው ስለ ቅናሽ ነው የሚያወራው፤ ማን እንደሚመርጥና እንደሚመረጥ፣ መዋጮ ሲዘገይ የትኛው መብት እንደሚታገድ፣ ከአንዱ የአባልነት ደረጃ ወደ ሌላው ለማደግ ምን እንደሚጠየቅ የሚገኘው ግን በደንቡና በመመሪያዎቹ ውስጥ ነው። ለምሳሌ አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ለከፍተኛ አባልነት የሚያመለክት ሰው በሙያው 10 ዓመት የሠራና ከእነዚህም በ5ቱ ጉልህ ውጤት ያሳየ እንዲሆን፣ ሥራውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎችም እንዲመሰክሩለት ይጠይቃል። የሚመሰክሩ ሰዎች ደግሞ በማመልከቻው ሳምንት ተፈልገው አይገኙም። በነገራችን ላይ ተማሪ፣ ሥራ አጥ ወይም ጡረተኛ ከሆኑ የመዋጮ ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚነግር እምብዛም የለም።

ሙያዎ የተከታታይ ሥልጠና ሰዓት ወይም ነጥብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሥልጠናው ባለቀበት ዕለት የምስክር ወረቀቱን አውርደው ያስቀምጡ። የፕሮጀክት ሥራ አመራር ባለሙያነት ማረጋገጫ የሆነው ፒኤምፒ በየ3 ዓመቱ 60 ነጥብ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ በመጨረሻው ወር ከድሮ ኢሜይል መልቀም አድካሚ ነው። ለዚሁ የተሠሩ መተግበሪያዎችን ሞክሬ ትቻቸዋለሁ፤ ቀን፣ ርዕስ፣ ሰዓትና አዘጋጅ የሚሉ አራት ዐምዶች ያሉት ተራ ሠንጠረዥ ይበቃል።

አስቸጋሪው ነገር ኮሚቴ መግባት ነው። እኔ በሦስቱም ኮሚቴዎች እጄን አውጥቼ ሥራ ተቀበልኩ። በአንደኛው የሥልጠና ተናጋሪዎችን ዝርዝር አዘጋጃለሁ ብዬ ነበር። በአራት ተከታታይ ቃለ ጉባኤዎች ላይ ከስሜ ትይዩ «በሂደት ላይ» የሚል ተጻፈ፤ በአምስተኛው በስሜ ቦታ የሌላ ሰው ስም ገባ። የተቆጣኝ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሥራ አልሰጠኝም።

ስለዚህ አንድ ኮሚቴ ብቻ ይምረጡ። ከመግባትዎ በፊት ያለፉትን ሦስት ወይም አራት ቃለ ጉባኤዎች ጠይቀው ያንብቡና «ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል» እየተባለ የሚንከባለለውን አጀንዳ ይፈልጉ። እንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ከባድ ሆኖ ሳይሆን ባለቤት አጥቶ የቀረ ነው፤ የአባላት የስልክ ዝርዝር ማደስ ወይም ያለፈውን ዓመት የሥልጠና መጠይቅ ምላሾች ማጠቃለል ሊሆን ይችላል። ከዚያም ለሰብሳቢው በጽሑፍ እንዲህ ይበሉ፦ «የአባላት ዝርዝር እድሳት ለሦስተኛ ጊዜ መተላለፉን ተመልክቻለሁ። ቢፈቀድልኝ የአንዱን ቅርንጫፍ ዝርዝር እስከ ወሩ መጨረሻ አድሼ ላቀርብ እችላለሁ።» «በማንኛውም ሥራ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ» የሚለው ደብዳቤ ግን ሰብሳቢው ሥራ እንዲፈልግልዎት የሚያስገድድ ስለሆነ ምስጋና ብቻ ይዞ ይመለሳል።

የሥራውን ወሰንና ቀኑን አሳንሰው ቃል ይግቡ። እንደማይደርስልዎ ካወቁም ስብሰባው ላይ ሳይሆን ከቀኑ በፊት ያሳውቁ፤ የሠሩትን ግማሽም ቢሆን ያስረክቡ። ከላይ ያነሣኋቸውን ሦስት ምስክሮች በኋላ ያገኘሁት በዚህ ዓይነት ሥራ አብረውኝ ከነበሩ ሰዎች ነው፤ በጉባኤ ላይ አድራሻ ከተለዋወጥኳቸው መካከል ሥራዬን የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

የእድሳት ማስታወቂያ ሲደርስዎ ከመክፈልዎ በፊት የሥልጠና ሠንጠረዡንና የዓመቱን ቃለ ጉባኤዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሠንጠረዡ ባዶ ከሆነና በቃለ ጉባኤዎቹም ውስጥ ስምዎ ከሌለ፣ ለአንድ ዓመት ሌላ ኮሚቴ ይሞክሩ፤ ያም ካልሆነ አባልነቱን አያድሱ።