ቪልሄልሞችን ሳያምታቱ ማጥናት

ደሴ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። ለጥያቄና መልስ ውድድር የማዘጋጃቸውን ልጆች እንደ «ቪልሄልም» ግራ የሚያጋባቸው ስም የለም። ጀርመኖች ንጉሣቸውንም፣ ሳይንቲስታቸውንም፣ ተረት ሰብሳቢያቸውንም ቪልሄልም ብለዋል። እኔ የማስጠናው እንዲህ ነው።

የደብተር ወረቀት አራት ቦታ ቅደዱ። ለአንድ ሰው አንድ ቁራጭ ይበቃል። ከፊት ሙሉ ስሙን፣ ሥራውንና ዓመቱን ጻፉ። ከጀርባው ደግሞ ከአገራችሁ የምታውቁትን፣ ከሰውየው ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አስፍሩ። ዋናው ጀርባው ነው፤ የተሸመደደ ዓመት ብቻውን ቶሎ ይጠፋል።

ከቅርባችን ጀምሩ። ቪልሄልም ሺምፐር (1804–1878 እ.ኤ.አ.) የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ብዙ ዘመኑን ትግራይ ኖሮ አድዋ ላይ አረፈ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ካቆዩዋቸው አውሮፓውያንም አንዱ ነው። መቅደላ የኛው ወሎ ስለሆነ ጀርባው ላይ «መቅደላ» በሉ። ከቻላችሁ አንድ የሰንሰል ቅጠልም ለጥፉበት። በየአጥሩ የምናየው ሰንሰል በሳይንስ ስሙ ጀስቲሺያ ሺምፐሪያና ይባላል፤ ሺምፐሪያና የተባለው በእሱ ስም ነው። እኔ ልጆቹን አጥሩ ድረስ ወስጄ ቅጠሉን በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ። በዚህ ካርድ ላይ ጊዜ ብታጠፉ አይቆጫችሁም።

ቀጥሎ ቪልሄልም ሮንትገን። ሐኪም ቤት ራጅ የምንነሳበትን ጨረር በኅዳር 1895 እ.ኤ.አ. ያገኘ፣ በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የወሰደ ሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር ጨረሩን ያገኘው ጥቅምት 1888 ዓ.ም. ላይ ነው። አራት ወር ሳይሞላ የአድዋ ድል ሆነ። ስለዚህ ጀርባው ላይ «የአድዋ ዓመት» ይጻፍ።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ! ጀርመን ውስጥ ሦስት ንጉሠ ነገሥታት የተፈራረቁበት ዓመትም 1888 ነው፤ ግን እ.ኤ.አ.፣ ማለትም የኛ 1880። አያት ቀዳማዊ ቪልሄልም ሞተ፣ ልጁ ሣልሳዊ ፍሪድሪክ 99 ቀን ብቻ ገዛ፣ ከዚያ የልጅ ልጁ ዳግማዊ ቪልሄልም ነገሠ። እያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ካልተጻፈ ካርዱ ዋጋ የለውም።

ሁለቱን ቪልሄልሞች በሥራቸው ለዩ። አያትየው በ1871 እ.ኤ.አ. አንድ የሆነችው ጀርመን የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ቢስማርክ መራሔ መንግሥቱ (ቻንስለሩ) ነበር። የልጅ ልጁ ቢስማርክን በ1890 አሰናበተው፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባ፤ በ1918 ዙፋኑን ትቶ ሆላንድ ተሰደደ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1905 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ጋር የወዳጅነት ውል የተዋዋሉት በእሱ ዘመን ነው። ዳግማዊ ከዳግማዊ፣ በቃ! የወሎ ልጅ ደግሞ ሌላም ይጨምር፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ ወደ ጀርመንና ቱርክ ያደላሉ ተብለው በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱም በርሊን ላይ የነገሠው እሱው ነበር።

ወንድማማቾቹ ይቀላሉ። ተረት የሰበሰበው ቪልሄልም ግሪም ከወንድሙ ከያኮብ ጋር፣ የበርሊንን ዩኒቨርሲቲ በ1810 እ.ኤ.አ. ያስመሠረተው ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ከተጓዡ ወንድሙ ከአሌክሳንደር ጋር ይጻፍ። ለእነዚህ የአባት ስም ብቻውን አይበቃም።

ሲያልቅ ካርዶቹን በውዙና ጀርባቸውን ብቻ እያነበባችሁ ተጠያየቁ። «ሰንሰል» ሲባል «ሺምፐር» ማለት ከቻላችሁ በኋላ ፊታቸውን አንብቡ። ውድድሩ ላይም «ቪልሄልም» ብላችሁ አትቁሙ፤ ሙሉ ስሙን ወይም «ዳግማዊ» የሚለውን አስከትሉ።