ድንቼን የበላው ማን ነው?

አንድ ክረምት ረቡዕ ገበያ አጠገብ ባለችው ማሳዬ ድንቼ እየተቆፈረ ሲያልቅ፣ «የዱር አሳማ ነው» ብዬ ስድስት ሌሊት ጅራፍ ይዤ ማማ ላይ አደርሁ። አሳማ አልመጣም። በሰባተኛው ቀን ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ከተበላው ድንች አንዱን አነሡና «ልጄ፣ ይህ የማን ጥርስ ይመስልሃል?» አሉኝ። በትንሽ መሮ የተፋቀ የሚመስል ጥንድ ጥንድ ጭረት አለበት። እልፍ ብሎ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው እሾህ ወድቋል። ለካ ጃርት በጀርባዬ በኩል ሲመገብ ያድር ኖሯል! አሳማ ቢሆን መሬቱን በአፍንጫው እየገለበጠ ያምሰው፣ ሁለት ላይ የተከፈለ የሰኮና ዱካም ይተው ነበር። ጃርቱ ግን ከየድንቹ ሥር ጉድጓድ እየማሰ ነው የሄደው።

ስለዚህ አውሬውን ከመፈለጋችሁ በፊት ትቶት የሄደውን ፈልጉ። ጠዋት፣ ፀሐይ ጭቃውን ሳታደርቀው ውጡ። ዱካ ስታገኙ መጀመሪያ ጥፍሩን እዩ፤ የጅብና የውሻ ጥፍር ከአራቱ ጣቶች ፊት ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታተማል። ነብርና አነር ጥፍራቸውን ሰብስበው ስለሚረግጡ ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ጅብ ይሁን ውሻ ካልለየላችሁ አሩን ፈልጉ (ይቅርታ፣ ሌላ ስም የለውም)፤ ጅብ አጥንት ስለሚቆረጥም ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል።

በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ድንገት ውሻ የጮኸ ከመሰላችሁ አትቸኩሉ፤ ድኩላ ሲደነግጥ እንዲሁ ይጮኻል። ወንዱ ጠምዘዝ ያለ ቀንድ አለው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም፤ ጎናቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ሳይንቲስቶች የሚጠሩበት «ዴኩላ» የሚለው ስም ከእኛው ቃል የተወሰደ ነው። ሚዳቋ ከድኩላ ታንሳለች፤ አፍንጫዋ ላይ የሚወርደው ጥቁር መስመር ያስታውቃታል፤ የወንዱ ቀንድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው።

ገደል ላይ ነጭ ዝርግ ምልክት ካያችሁ የሽኮኮ ሽንት ሊሆን ይችላል። ሽኮኮ ጥንቸል ይመስላል እንጂ ከጥንቸል ይልቅ የሚዛመደው ከዝሆን ነው፤ ይህን ለልጆች ስነግር እስካሁን ያመነኝ የለም።

ዱካ በስልክ ስታነሡ አጠገቡ የክብሪት ሳጥን አኑሩ። ያለዚያ መጠኑ ስለማይታወቅ፣ የጎረቤት ውሻ ረግጦት ያለፈውን ሁሉ መንደርተኛው «ነብር ነው» ይላችኋል።