ወደ ወንዙ የሚዘነብል የጋቢዮን ግድግዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

ይህ ጽሑፍ የጋቢዮን ሳጥን፣ ማለትም በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ መረብ ሳጥን፣ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ እንደሚሞላና እንደሚታሰር ለሚያውቅ ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር የወንዝ ዳርቻን ከመሸርሸር እንዲጠብቁ የተሠሩ ግድግዳዎች ተጎድተው ይገኛሉ፤ በሪፖርት ላይ የሚሰፈረው ምክንያትም ብዙውን ጊዜ «ጎርፉ ከአቅም በላይ ነበር» የሚል ነው። በእርግጥ ከአቅም በላይ የሆነ ጎርፍ አለ፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት አጥለቅልቆ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ለጥገና የምንጠራባቸው ግድግዳዎች ግን አብዛኞቹ የተበላሹት በየዓመቱ በሚመጣ ተራ የክረምት ሙላት ነው።

ምልክት፦ ግድግዳው ወደ ወንዙ ዘንብሏል፣ ወይም መሃሉ ሰምጧል

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ችግር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ከጀርባ ያለውን አፈር ነው፤ ዳርቻው ሲርስ አብጦ የሚገፋ ጥቁር መረሬ ሲሆን ጥርጣሬው መሠረት አለው። ነገር ግን በግድግዳውና በጀርባው አፈር መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቶ ከታየ አፈሩ እየገፋው አይደለም፤ ግድግዳው ራሱ እግሩን አጥቶ ወደ ፊት እየወደቀ ነው። መንስኤውም ውሃው የመሠረቱን ሥር ቦርቡሮ ማውጣቱ ነው።

ይህን ለማመን የሚቸገሩ ሰዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አንድ ነው፦ በጥር ወር ወርደው የወንዙን ወለል ያያሉ፣ ወለሉ ደልዳላ ነው፣ ጉድጓድ የለም። ወለሉ ደልዳላ የሆነው ግን ሙላቱ በበረታበት ሰዓት የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃው ሲጎድል ባመጣው ልል አሸዋ ተመልሶ ስለሚሞላ ነው። ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም። ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ፣ ጫፉን አሹላችሁ በግድግዳው እግር ሥር በየአንድ ሜትሩ ትከሉት። ያልተነካ የወንዝ ወለል ገና ከላይ ጠጠሩ ሲንጫጫ ይሰማል፤ ፌሮውም ያለ መዶሻ አይገባም። የተቦረቦረው ቦታ ላይ ግን በእጅ ግፊት ብቻ እየሰመጠ ሄዶ ድንገት ጠንካራው ላይ ይቆማል። የቆመበትን ጥልቀት ጻፉ፤ ጥገናው የሚሰላው ከዚህ ቁጥር ነው። መለካት ያለበት ደግሞ በጣም የዘነበለው ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ደህና በሚመስለው ክፍል ጭምር ነው፣ በተለይም ወንዙ በሚታጠፍበት በውጭኛው ጎን።

መንስኤው በሦስት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው መሠረቱ ሲሠራ በቂ ጥልቀት አለማግኘቱ ነው። አንድ ግድግዳ ስንፈታ በንድፉ ላይ አራት ረድፍ የነበረው መሬት ላይ ሦስት ሆኖ አግኝተነዋል፤ የክፍያ ሰነዱ ግን አራቱንም ይዟል። የሆነው ግልጽ ነበር፦ ቁፋሮው ገና ጉልበት ሳይደርስ ውሃ ወጣ፣ ፓምፕ አልነበረም፣ ሥራ ተቋራጩ የመጀመሪያውን ረድፍ እዚያው ላይ አስቀምጦ ፊቱን በአሸዋ ሸፈነው። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ መሠረቱ ከመሸፈኑ በፊት በቦታው ካልተገኘ ከዚያ በኋላ የሚፈርመው ፊርማ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው የአሸዋ ማውጣት ነው። ገልባጭ መኪናዎች ለመውጫ የሚመቻቸው ዳርቻው የተጠበቀበት ቦታ ስለሆነ ጫኞቹ ከግድግዳው እግር ሥር መዛቅ ይቀናቸዋል። አንድ ድልድይ አጠገብ ያለ ግድግዳ ተጠግኖ ካለቀ በኋላ በዚያው በጋ አሸዋው በአካፋ እየተዛቀ የመጀመሪያው ረድፍ ወለል እስኪታይ ድረስ ተራቁቷል። ይህ ካልቆመ የሚቀጥለውን አንቀጽ ማንበብም አያስፈልግም፤ ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁ መውጫውን ዝጉ፣ ከዚያ ጥገናውን ጀምሩ።

ሦስተኛው «ጥገና» ተብሎ የሚደረገው ራሱ ነው። ግድግዳው ሲሰምጥ ከላይ አንድ ረድፍ ይጨመርበታል። በድንጋይ የተሞላ አንድ ሜትር ኩብ ጋቢዮን ወደ 1.7 ቶን ይመዝናል፤ ሥሩ ባዶ በሆነ ግድግዳ ላይ ይህን ያህል ሸክም መጨመር ውድቀቱን ማፋጠን ነው። ሁለት ጊዜ ረድፍ የተጨመረበት ግድግዳ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው ጭማሪ ከዋናው ጋር ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሳለ ሁለተኛው በእርሱ ላይ ተደርድሮ ነበር።

ትክክለኛው ጥገና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት የሚዘረጋ ነው። ከግድግዳው እግር ወደ ወንዙ 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የጋቢዮን ንጣፍ፣ ማለትም አፕሮን፣ ይዘረጋል። ሐሳቡ ወንዙ መቆፈሩን እንዲያቆም ማድረግ አይደለም፤ ውሃው የንጣፉን ጫፍ ሲቆፍር ንጣፉ እየታጠፈ ጉድጓዱን ተከትሎ ወርዶ ተዳፋቱን እንዲሸፍን ነው። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ቁልቁለት ሁለት ሜትር ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ የንጣፉ ርዝመት በፌሮ ከለካችሁት ጥልቀት ሁለት እጥፍ ከሩብ ያህል መሆን አለበት፤ 1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 3.5 ሜትር ይመጣል። አንድ ሜትር ብቻ ዘርግቶ «አፕሮን ተሠርቷል» ማለት ሽቦ ማባከን ነው። ከንጣፉ ሥር ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ፣ ይግባ፤ መደራረቢያውም ከ30 ሴንቲሜትር አይነስ። ንጣፉ ከግድግዳው የታችኛው ረድፍ ጋር በማሰሪያ ሽቦ ሙሉ በሙሉ መሰፋት አለበት፤ ካልተሰፋ ሲታጠፍ ከግድግዳው ተለይቶ ለውሃው በር ይከፍታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የግድግዳውን እግር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አትቁፈሩ። አራት አራት ሜትር እየከፈላችሁ፣ አንዱን እየዘለላችሁ፣ የቆፈራችሁትን በዚያው ቀን ዘርግታችሁ ሙሉ። የቀን ሠራተኛ ከዘነበለ ግድግዳ ሥር ብቻውን አይግባ። ቁፋሮው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይለቅ፤ በግንቦት የተከፈተ መሠረት ሰማዩን እያዩ የሚሠሩት መሠረት ነው። ዝንባሌው የበዛ ከሆነ፣ ማለትም የላይኛው ረድፍ ፊት ከታችኛው ፊት አልፎ ወደ ወንዙ ከተንጠለጠለ፣ ንጣፍ አያድነውም፤ እስከ መሠረቱ ፈትቶ እንደገና መሥራት ግድ ነው።

ምልክት፦ የሳጥኑ ሆድ ተነፍቷል

ድንጋዩ በአካፋ ተደፍቷል እንጂ በእጅ አልተደረደረም፤ ወይም በየ33 ሴንቲሜትር ከፍታው ሊገባ የሚገባው የውስጥ ማሰሪያ ተዘሏል። መረቡ 8 በ10 ሴንቲሜትር ከሆነ ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ድንጋይ ፊት ላይ መቀመጥ የለበትም። የሚፈረካከስ ድንጋይ አትቀበሉ።

ምልክት፦ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከጀርባው ግን መሬቱ እየሰመጠ ነው

ጂኦቴክስታይሉ አልገባም፤ ወይም ተቀዷል። አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል እየታጠበ ይወጣል። ጀርባው ተቆፍሮ ጨርቁ ካልገባ በስተቀር ጉድጓዱን አፈር መሙላት ጥቅም የለውም።

ምልክት፦ ግድግዳው ደህና ነው፣ ከጫፉ በታች ያለው ማሳ ግን እየተበላ ነው

ጫፉ ወደ ዳርቻው ታጥፎ አልተቀበረም፤ ውሃውም ዞሮት ከጀርባው ይገባል። ቢያንስ የግድግዳውን ከፍታ ያህል ርዝመት ያለው ክንፍ ወደ ዳርቻው አስገቡ፤ ከዚያ በታች ያለውን ሁለትና ሦስት ሜትር በቬቲቨር ወይም በዝሆን ሳር ሸፍኑ። ጠንካራ ግድግዳ የመሸርሸሩን ቦታ ማዛወሩ በወንዝ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ በኋላ፣ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ደለል ለአባይ ዴልታ መድረሱን ሲያቆም፣ የአባይ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ከባሕር በሚገናኝበት በራሺድ አፍ ላይ ባሕሩ የብሱን መብላቱ እጅግ ተፋጠነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት ግዙፍ የባሕር ግድግዳዎች የራሺድን አፍ አዳኑት፤ መሸርሸሩ ግን ወደ ግድግዳው ጫፍ ተዛውሮ ተጨማሪ መከላከያ አስፈልጎታል።

ምልክት፦ ሽቦው ተቆርጧል

የተቆረጠው የታችኛው ረድፍ ፊት ላይ ከሆነና ጫፉ የተፋቀ ከሆነ የሚንከባለል ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ባለ ወንዝ የታችኛው ረድፍ ፊት በኮንክሪት መልበስ አለበት። ጫፉ በፒንሳ የተቆረጠ ከሆነ የሰው እጅ ነው። ሽቦው ለአጥር፣ ድንጋዩ ለቤት መሠረት ይወሰዳል። አንድ ቀዳዳ እንደታየ ወዲያው በአዲስ ሽቦ ይሰፋ፤ ክረምት ከገባ በኋላ ድንጋዩ ፈስሶ ሳጥኑ ባዶውን ይቀራል።