ጣና ላይ "ደከመ" የሚባለው ሞተር፦ የትንሽ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ባሕር ዳር፣ ጎርጎራ፣ ዝዋይ ወይም አርባ ምንጭ ዳርቻ ላይ ተፈታትቶ የሚታይ ሞተር ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ገና ጀልባውና ሞተሩ ሲገዙ፣ ወይም ሞተሩ ጀልባው ላይ ሲታሰር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጭነቱን፣ አስተሳሰሩንና ነዳጁን ይዩ። ቁልፍና ካቻቢቴ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ የምናወራው በሐይቆቻችን ላይ ለተለመደው ሥራ ስለሚሆን ጀልባ ነው፦ ከ5 ተኩል እስከ 6 ሜትር የሚረዝም፣ ሦስት ሰውና መረብ የሚጭን፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው። ሞተሩ ቱ ስትሮክ የሚባለው፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት ዓይነት ነው።

አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ጀልባው ግን አይፈጥንም

ሞተሩ ላይ የተጻፈው 15 ቁጥር የሚሠራው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጠፋል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እዚያ 15ቱ ወደ 12 ይወርዳል። ጫሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ያው ሞተር እዚያ ከ13 በላይ ይሰጣል። ከደቡብ መጥቶ ጣና ላይ "ደከመ" የተባለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም።

ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ፕሮፔለር ግን ለሙሉ ጉልበት የተለካ ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ከተቀረጹት ቁጥሮች አንዱ ስፋቱን፣ ሌላው ደግሞ በአንድ ዙር ወደፊት ሊገፋ የሚችለውን ርቀት በኢንች ያሳያል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በ1 ወይም በ2 ኢንች ያነሰ ሌላ ፕሮፔለር ይግጠሙ። አንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያገኛል። አብዛኛው 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር የዘወትር ጭነቱን ይዞ፣ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት፣ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለበት። 4,000 ላይ ታንቆ የሚቀር ከሆነ ፕሮፔለሩ ከብዶታል። እንደታነቀ ለወራት ሲነዳ ካርቦን ይቋጥራል፣ ፒስተኑም ይጎዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የጀልባው ክብደት ነው። በላሜራ የተበየደ ከባድ ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል እንጂ ከውሃው በላይ ተነስቶ አይንሸራተትም። የእንዲህ ዓይነት ጀልባ ፍጥነት የሚወሰነው በርዝመቱ ነው፤ 5 ተኩል ሜትር ከሆነ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቆማል። በራሱ ያነሳውን ማዕበል መውጣት ስለማይችል 25 የፈረስ ጉልበት ቢታሰርበትም የሚጨምረው ቤንዚን ብቻ ነው። 15ቱ በሙሉ ጋዝ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ሊትር ይጠጣል። ጋዙን ወደ ሁለት ሦስተኛ ቢመልሱት ፍጥነቱ ብዙም አይቀንስም፣ የቤንዚኑ ልዩነት ግን በወር መጨረሻ ኪስ ውስጥ ይታወቃል። ፍጥነት የግድ ካስፈለገ መቀየር ያለበት ሞተሩ ሳይሆን ጀልባው ነው፦ ቀላል ፋይበርግላስ ወይም አልሙኒየም።

ጀልባው ቀላል ሆኖ አፍንጫው ብቻ ከሰማይ የሚጋጭ ከሆነ ጀሪካኑንና መረቡን ወደ ፊት ያዛውሩ። ከዚያም ሞተሩ ከጀልባው ጀርባ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚይዘውን ዘንግ አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባው ያቅርቡት።

ጭሱ ብዙ ነው፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሞተር ይገድላል። ጭሱን ለመቀነስ ተብሎ ዘይቱ ይቀነሳል፤ ከሳምንታት በኋላ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ጭሱ በዘይት ብዛት ላይሆን ይችላል፦ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) የሚሰጠው ቤንዚን ግን ያው ስለሆነ የተረፈው ሳይቃጠል ይወጣል።

በመጀመሪያ ድብልቁን በትክክል ይለኩ። 50 ለ1 ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አምስት እኩል ተከፍሎ አራቱ እጅ ማለት ነው። ሃይላንዱ ላይ በምስማር ጭረው ምልክት ያድርጉና ለዚህ ብቻ ያስቀምጡት። ዘይቱን ከ5 ሊትር ቤንዚን ጋር መጀመሪያ ይበጥብጡ፣ ቀሪውን ቤንዚን ከዚያ ይጨምሩ። ለአዲስ ሞተር በማሟሻ ሰዓቶቹ ዘይቱ እጥፍ ይሆናል፣ 25 ለ1። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል ጽሑፍ ያለው ይሁን። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ በጣም ለሚግል ሞተር የተሠራ ስለሆነ እዚህ ካንዴላው ላይ አመድ ይጋግራል።

ልኩ ትክክል ሆኖ ካንዴላው አሁንም እንደ ከሰል ከጠቆረ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ ያለውን የነሐስ ብሎን ቁጥሩ አንድ ደረጃ ባነሰ ይቀይሩት። ጥሩ የሚነድ ሞተር ካንዴላው ቡናማ ቀለም ይይዛል። አሮጌውን ብሎን አይጣሉት። ሞተሩ አንድ ቀን ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ቢወሰድ፣ ትንሹ ቀዳዳ ቤንዚን ያሳንስበትና ፒስተን ያቀልጣል። ቀዳዳውንም በሽቦ አይጎርጉሩ፣ ይሰፋል። በአየር ይንፉት።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይገፋም

መቼ እንደሚጮኽ ያስተውሉ። ሲታጠፉ ወይም ማዕበል ላይ ብቻ ከሆነ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም እስከ 2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሞተሮች የሚመጡት ለሁለት ዓይነት የጀልባ ጀርባ ከፍታ ነው፦ አጭር እግር ለ38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅም እግር ለ51። በየመንደሩ የሚሠራ ጀልባ ጀርባ 45 ሲሆን ለሁለቱም አይሆንም፦ አጭሩ አየር ይስባል፣ ረጅሙ ጠልቆ ውሃ ይረጫል። ስለዚህ ጀልባ ከማዘዝዎ በፊት ሞተሩን ይምረጡና ቁጥሩን ለሠሪው በጽሑፍ ይስጡ። ከተሠራ በኋላ ደግሞ ለአጭር እግር ጀርባውን ቆርጦ ማውረድ፣ ለረጅም እግር ጠንካራ የዋንዛ ጣውላ በብሎን አስሮ ማሳደግ ይቻላል። የጀርባው ውፍረት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሞተሩም ከማሰሪያዎቹ ሌላ በሰንሰለት ከጀልባው ጋር ይታሰር።

ቀስ ብሎ ሲነዳ ደህና ሆኖ ጋዝ ሲጨመር የሚያመልጥ ከሆነ በፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ለቋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በውስጠኛው ብረትና በውጪው አካል ላይ የሚያልፍ አንድ የቀለም መስመር ያስምሩ፣ ጫን ብለው ይንዱ፣ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ነው። በዝግታ ወደ ወደብ ይመለሱ። ከ5 የፈረስ ጉልበት በታች ያሉ ብዙ ሞተሮች ደግሞ በጎማ ፋንታ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ለስላሳ ፒን አላቸው። በምስማር አይተኩት፤ ፒኑ ሳይሰበር ሲቀር የሚሰበረው ማርሹ ነው።

በድንገት ከሆነ እምቦጭ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው ይህ አረም ሥሩ ፕሮፔለር ላይ እንደ ፀጉር ይጠቀለላል። ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ማሽከርከር ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። የተጠቀለለው መረብ ከሆነ ግን ወደ ኋላ አይሞክሩ፤ ወዲያው ያጥፉ፣ ሞተሩን ያንሱ፣ በቢላ ይቁረጡ።

ከሞተሩ የሚወጣው ቀጭን ውሃ ደከመ ወይም ቆመ

ይህ ውሃ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ስለሆነ ወዲያው ያጥፉ። መጀመሪያ የውሃ መግቢያውን ወንፊት ይጥረጉ፣ ፌስታል ወይም አረም ይኖራል። ከዚያ መውጫውን ቱቦ በቀጭን ሽቦ ይክፈቱ። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ ውሃውን የሚስበው ፖምፓ ባለ ክንፍ ጎማ አልቋል። ጥሩ ፖምፓ የሚያወጣው ውሃ ለብ ያለና እጅ የሚችለው ነው። እንፋሎት ከታየ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አያስነሱት።

ጎማውን ለመቀየር የታችኛውን እግር የያዙትን ብሎኖችና የማርሽ ዘንጉን መያዣ ይፍቱ፣ እግሩን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይሳቡ። ፖምፓው ዘንጉ ላይ ነው። ጎማው ሲወጣ ትንሿ ቁልፍ ብረት እንዳትወድቅ ይጠንቀቁ። ጫፉ የተሰነጠቀ ወይም ጎብጦ የቀረ ክንፍ ካለ ይለወጥ፤ ከስሩ ያለው ሳህን በጥፍር የሚታወቅ ጭረት ካለው አብሮ ይለወጥ። አዲሱን ግሪስ ቀብተው ዘንጉን ወደ ሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ያስገቡት። የአባያ ውሃ ቀይና ደለላም ስለሆነ ጎማውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላል፤ እዚያ የሚሠራ ሰው በየዓመቱ ቢቀይር ይሻላል። ደረቅ መሬት ላይ "ለሙከራ ብቻ" ማስነሳት አዲሱን ጎማ በሰከንዶች ያቃጥለዋል። በርሜል ውሃ ይሞክሩ።

ይነሳና ከ5 ወይም ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል

የነዳጅ መስመሩ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፕ ይዩ። ተመጥጣ ከተጣበቀች የታንከሩ ክዳን ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ብሎን ተዘግቷል፤ ይክፈቱት፣ ሌላ ችግር የለም። ካልተመጠጠች ግን ስትጫን ጠንክራ የማትቆም ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ አየር ይገባል፣ ትንሿን ቀለበት ጎማ ይቀይሩ።

ቀጥሎ ነዳጁ ነው። ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ፈትተው በብርጭቆ ይቀበሉ፤ ውሃ ካለ ከታች እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከዘይት ጋር ከመበጥበጡ በፊት ይታወቃል፦ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉ። ንጹህ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታም ክብ ይተዋል።

ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ አስቀድመው ቀይዋን የማጥፊያ ገመድ ይዩ፣ ተነቅላ ይሆናል። ቤንዚን ከሸተተ ታንቋል፦ ካንዴላዎቹን አውጥተው ያድርቁ፣ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ይሳቡ፣ መልሰው ያለ ቾክ ያስነሱ።

የማርሹ ዘይት ማኪያቶ መስሏል

ውሃ ገብቷል። ፕሮፔለሩን ያውልቁ። ብዙ ጊዜ ከኋላው የናይሎን ክር ተጠቅልሎ፣ በሙቀት ቀልጦ፣ ጠንካራ ቀለበት ሆኖ ይገኛል፤ ያ ቀለበት የዘይት መከላከያውን ጎማ ቆርጦታል። ክሩን አውጥተው ጎማውን ይቀይሩ። ዘይቱን ከታች ያፍስሱ፤ አዲሱን ከታችኛው ቀዳዳ እየገፉ ከላይኛው እስኪወጣ ይሙሉ። ከላይ የተሞላ አየር ይይዛል። መረብ ባለበት ሥራ ፕሮፔለሩን በየወሩ አውልቆ ማየት ከማርሽ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መረብ ሲሳብ ጀልባው ይንገዳገዳል

የጠባብ ሆድ ችግር ነው፤ በኋላ የሚስተካከል አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ሰው በአንድ ጎን ይቁም፤ በዚያ ጎን ከውሃው በላይ የቀረው ከንፈር ከ15 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አይግዙ። አጠቃላይ ስፋቱ 1.6 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ሆዱም ጠፍጠፍ ያለ ይሁን። ያለውን ለማሻሻል መረቡን ሞተሩን አንስተው ከፊት በኩል ይሳቡ፣ የተጎተተውንም ወለሉ መሃል ይከምሩ። መረቡ የሚንሸራተትበትን ከንፈር በርዝመቱ በተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ያልብሱት፤ የብየዳ ጫፍ መረብ ይቀዳል። ጣናም አባያም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳባቸው የተጫነ ጀልባ ረፋድ ላይ ይመለስ።

ውሃ ይገባል

ጀልባውን መሬት ላይ በድጋፍ ከፍ አድርገው ውስጡን እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ይሙሉ፤ ከታች የሚንጠባጠበውን በጠመኔ ያክቡ። የላሜራውን ይበየዳል። ፋይበርግላስ ከሆነ ስንጥቁን እስከ ጤነኛው ድረስ ይሞርዱ፣ ሁለት ቀን ያድርቁ፣ ከዚያ በሙጫ የራሰ ሦስት ንብር የፋይበርግላስ ጨርቅ ያልብሱ። ለ1 ኪሎ ሙጫ ማጠንከሪያው ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። እርጥብ ላይ የተለጠፈ በሚቀጥለው ክረምት ይነሳል።

የላሜራ ጀልባ ውሃ ከሞላ ይሰጥማል፣ ስለዚህ ተንሳፋፊ ያስፈልገዋል። ልኩን እንዲህ ያስሉ፦ 300 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ 260 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሞተሩ 30 ቢጨምር 290 ይሆናል። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ ያነሳል። ስለዚህ ቢያንስ 15 ጀሪካን በመቀመጫዎቹ ሥርና በሁለቱ ጎኖች ከፍ ብለው በማይበጠስ ገመድ ይታሰሩ። ወለሉ ላይ ከታሰሩ ጀልባውን ይገለብጡታል። ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ የሚለበስ የሕይወት ጃኬት ይኑር፤ ከመቀመጫ ሥር የተወሸቀ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ አይደረስበትም።